የጫጩቶቹ ቀኝ እግር

ዶሮ አርቢው ሲምል ዶሮዎቹ እንኳ ያፍሩለት ነበር። የሟች አባቱን ነባር የዶሮ ዘር ጠብቄያለሁ ይላል እንጂ፣ የመጨረሻውን አውራ ዶሮ በር መዝጋት ረስቶ ድመት በልታበታለች። እሱም አፍሮ፣ ከገበያ ባመጣው ቀይ አውራ ተክቶ ዝም አለ።

አባትየው በጫጩት ጣቶች መሀል ያለችውን ስስ ቆዳ ለምልክት በመቀስ ጫፍ ቀጭ ያደርጓት ነበር፤ ንጹሑን በግራ እግሩ፣ ድቅሉን በቀኝ። ልጅየው ግን ድቅሉን ሁሉ በግራ እየቆረጠ ሲሸጥ ከረመ።

ዛሬ ጠዋት አክስቱ ካርቶን ይዘው መጡ።

"የወንድሜን ዘር ግቢዬ ላስገባ ብዬ ነው። ንጹሕ ነው አይደል?"

"አባቴ ይሙት!"

"የሞተውን ሰው ስንቴ ትገድለዋለህ?" ብለው ሳቁ።

መፈልፈያው ውስጥ አንድ እንቁላል ተሰነጠቀ። አክስትየው መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ። ከቅርፊቱ መጀመሪያ የወጣችው እርጥብ ቀኝ እግር ናት። በጣቶቿ መሀል ያለችው ቆዳ ተቆርጣ ደም አቅርራለች።

ዶሮ አርቢው ጆሮው ድረስ ቀላ። ዓይኑን ጫማው ላይ ተከለ።

"ድቅል ናቸው አክስቴ። ዋሽቼዎታለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ።"

"እሱንማ አየሁት" አሉ አክስቱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "እኔ የምጠይቅህ፣ ማን ቆረጣት ነው።"

 እሱ ወደ መፈልፈያው ጎንበስ ሲል፣ ገና ካልተሰነጠቁት እንቁላሎች አንዱ ውስጥ መቀስ ቀጭ አለ። ከዚያም በሚቀጥለው ውስጥ፤ እንደ አባቱ እጅ፣ ሳይቸኩል።