ተቀባይ የሌለው ዘፈን

ባለ ኮምፒውተር ሱቁ ሻፊ የአዲሱን ላፕቶፕ ክዳን ከፍቶ ወደ እኔ ያዞረዋል።

"ይኸው እትዬ ፈውዚያ፣ ዘፈንዎ ገብቷል። ይንኩት።"

እነካዋለሁ። ድምፄ ይወጣል።

"ከአራተኛ ፎቅ ላይ ሙሽራ ልትወርድ ነው።"

ከዚያ ዝም ይላል። "ቀስ ብላ ትውረድ" የሚሉት ሴቶች መግባት ያለባቸው እዚህ ላይ ነው። አይገቡም። በከበሮ ፈንታ የመታሁት ጨርቅ ያለበስኩት ጀሪካን ብቻ ድም ድም ይላል። ቀጥሎ እንደገና የእኔ ድምፅ፣ እንደገና ዝምታ።

"ተቀባዮቹስ?" እላለሁ።

ሻፊ ጎንበስ ብሎ ያያል። አንዱን ይነካል፣ ሌላውን ይነካል። ጭንቅላቱን ያካል።

ከነገ ወዲያ፣ እሁድ፣ የልጄ የሰሀር ሰርግ ነው። እኛ ዘንድ የሙሽራ እናት አውርዳ አትዘፍንም፤ በር ላይ ቆማ እንግዳ ትቀበላለች። የሰውን ልጅ ሁሉ ከበሮ ይዤ ስሸኝ ኖሬ ለራሴ ልጅ ዝም ልል ነው። በዚያ ላይ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ከገባን ወዲህ ስምንት ዓመት ከበሮ አልነካሁም። ግድግዳው ስስ ነው፣ የሰው ሕፃን ያስነሳል። ዘንድሮ ሰሀር በድሮው ኮምፒውተሯ ድምፅ መቅዳት አሳየችኝ። ቀዩን ነጥብ ስነካው ይቀዳል። በአርባ ስድስት ዓመቴ፣ መጋረጃ ዘግቼ፣ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ እንደገና ዘፈንኩ። እሁድ ስፒከሩ ያወርድልኛል፣ እኔ በር ላይ እቆማለሁ ብዬ።

ተቀባዮቹንም በየተራ ቀድቻቸው ነበር። ጓደኛዬን ከውሲን ከኮዬ ፈጬ ስትመጣ፣ ጎረቤቴን አለሚቱን ከታች ጠርቼ፣ ሌሎቹን ሦስቱን በተገኙ ጊዜ። ሰሀር አገጣጠመችውና አንዱን ስነካ ሁሉም አብረው ይዘፍኑ ጀመር። ይህን ሁሉ የደከምኩት ዝምታውን ፈርቼ ነው። የዛሬ ሰርገኛ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ስልኩን ያያል። ዘፈን ወርዶ የሚቀበል ከጠፋ፣ ሙሽራዋ ሰው የላትም ይባላል።

"ሌሎቹ ፋይሎች የሉም" ይላል ሻፊ ቀስ ብሎ። "ይሄ ሲከፈት ከጎኑ ያሉትን እየጠራ ነው የሚያጫውተው። እነሱ ከሌሉ ዝም ነው።"

"የት ሄዱ?"

"ማክሰኞ አሮጌውን ኮምፒውተር በዚህ ሲቀይሩ ወደዚህ የገለበጥኩት ያሳዩኝን ነው። 'የሰሀር ሰርግ' የሚለውን። 'ሌላ አለ ወይ?' ብዬ ጠይቄዎት ነበር። 'የለም፣ የቀረውን ጥርግ አድርገህ አጥፋ፣ የሴት ድምፅ ባዕድ ቤት እንዳይገባ' አሉኝ። አስምለውኛል እኮ እትዬ! ወላሂ ብዬ ነው ያጠፋሁት።"

እውነቱን ነው።

"የሰሀር ሰርግ" የሚለውን በራሴ ጣት የጻፍኩት እኔ ነኝ። እሁድ እሁድ የጎልማሶች ትምህርት እሄዳለሁ፤ የአማርኛውን ፊደል ጨርሻለሁ። ከጎኑ የነበሩት አምስቱ ግን ኮምፒውተሩ ራሱ ስም ያወጣላቸው ናቸው፣ በእንግሊዝኛ ፊደል። ሱቁ ውስጥ ሰው ነበር። ምን ይላሉ ብዬ መጠየቅ አፈርኩ።

"መመለስ አይቻልም?"

"ኮምፒውተሩ ተሸጧል። ቂሊንጦ የሚሠራ ሰው ወሰደው።" እጁን ያነሳና መልሶ ጭኑ ላይ ይጥለዋል። "ለምን ታዲያ የለም አሉኝ?"

"ማንበብ አልቻልኩማ።"

ሻፊ ዓይኑን ወደ ላፕቶፑ ይመልሳል።

"ከኢንተርኔት ተቀባይ ላውርድልዎ?" ይላል። "ጭብጨባም እልልታም ያለው ሞልቷል።"

"የማላውቃቸው ሴቶች ልጄን ይዳሩልኝ?"

በሩ ሳይንኳኳ ይከፈታል። አለሚቱ ናት፣ ከሦስተኛ ፎቅ፤ ክንዷ ላይ የልብስ ሳሙና አረፋ አለ።

"ምነው ይሄ ዘፈን ይነሳል ይጠፋል፣ ይነሳል ይጠፋል? ባትሪው የሞተ ሚኒባስ አስመሰላችሁት።"

እነግራታለሁ። ሁሉንም፣ ያፈርኩትንም ጭምር። እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ትሰማኛለች።

"እና ለሰርግ ቤት ተቀባይ ታሽጎ ይመጣል? እኔ ሞቻለሁ?"

"አንቺ አንድ ሰው ነሽ፣ አለሚቱ።"

"አንቺስ? አታውርጂ አሉሽ እንጂ አትቀበዪ ያለሽ አለ? ሁለት ሆነን ከጀመርን ሦስተኛው አፍሮ ይገባል። ከውሲ እንደሆነች ሳይጠሯትም ትገባለች።"

"ተቀብዬ አላውቅም።"

"ምን?"

"ከአሥራ አራት ዓመቴ ጀምሮ አውራጅ ነኝ። መቀበል አልችልበትም።"

"አቤት ኩራት!" አለሚቱ አልጋው ጫፍ ላይ ትቀመጥና ከጎኗ ያለውን ቦታ መታ መታ ታደርጋለች። "ነይ እዚህ። ሻፊ፣ ከመጀመሪያው አስጀምረው። አንተም አጨብጭብ።"

"እኔ እቃ ላደርስ ነው የመጣሁት።"

"እቃ የሚያደርስ ሰው እጅ የለውም?"

ሻፊ ሰዓቱን ያይና ዘፈኑን ይነካዋል። አጠገቧ እቀመጣለሁ። ድምፄ ከፊቴ ይመጣል። ከእኔ ይልቅ ቆራጥ ድምፅ ነው፣ የማይፈራ። "ከአራተኛ ፎቅ ላይ" ከማለቱ አፌ ራሱን ከፍቶ አብሮት ይሮጣል።

አለሚቱ ጭኔን በጥፊ ትለኛለች። "ቆይ እንጂ! ሴትዮዋ ትጨርስ!"

ሻፊ ይስቃል። እንደገና ከመጀመሪያው ይነካና ለማጨብጨብ ሁለት እጁን ያዘጋጃል።

"ከአራተኛ ፎቅ ላይ" ይላል ድምፄ። መዳፌን አፌ ላይ ጭኜ፣ እስኪጨርስ እጠብቀዋለሁ።