አንዲት ነፍስ

ወጣቱ የሞርሞን ሰባኪ ከአሜሪካ ደብረ ዘይት ከመጣ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፤ እስካሁን ግን አንድ ሰው እንኳ አላጠመቀም። በር የከፈቱለት ወይዘሮ አስካለ ብቻ ናቸው። ረቡዕ ረቡዕ ሽሮ እያበሉ፣ «እሺ ልጄ» እያሉ ሲሰሙት ከረሙ።

ወደ አገሩ ሊመለስ ሳምንት ሲቀረው ጨነቀውና፣ «እማማ፣ ጥምቀቱስ?» አላቸው።

«እኔም እሱኑ ሳስብ ነው የሰነበትኩት። እሑድ ጠዋት ና።»

ለእናቱ «አንዲት ነፍስ አገኘሁ» ብሎ ጻፈ።

እሑድ የሚጠመቁበትን ነጭ ልብስ ይዞ ሲደርስ፣ መስቀል የያዙ ቄስ ከወይዘሮ አስካለ ጎን ቆመዋል።

«የነፍስ አባቴ ናቸው» አሉት። «ይህን ሁሉ ጊዜ በሬን ያንኳኳኸው ነፍስህ ብትጠማ ነው ብዬ ነገርኳቸው። ክርስትና አባትም ፈልጌልሃለሁ።»

ወይዘሮ አስካለ ልብሱን ከእጁ ተቀብለው በቁመቱ ለኩት።

«ትንሽ ያጥርሃል» አሉ።