ርክክብ

ከታንኳ ውድድር ጡረታ ስወጣ፣ እንደ ደንቡ ሰውነቴ የሚያውቀውን ሁሉ ለተተኪዬ ለሲምቦ አስረከብኩ። ጎን ለጎን አስተኝተው ሽቦ ገጠሙልን፤ በግማሽ ቀን አለቀ። አሥራ ስድስት ዓመት በአዋሽ ወንዝ ፈጣን ውሃ ላይ የተወዳደርኩበት ሁሉ፣ ታንኳ ውስጥ ተንበርክኮ መቅዘፉ፣ ማለፊያ በር ሆነው ከውሃው በላይ የተንጠለጠሉትን እንጨቶች ሳይነኩ በወገብ እየተጣጠፉ ማለፉ፣ ከእኔ ወጥቶ የእሷ ሆነ። ደክሞኝ ስለነበር ቅር አላለኝም።

ቅር ያለኝ ቤት ስገባ ነው። እናቴ ግማሽ አካሏ አልታዘዝ ካላት አራት ዓመት ሆኗታል። አልጋዋ ሥር ተንበርክኬ፣ በወገቤ ዞር ብዬ የማገላብጣት እኔ ነበርኩ። አሁን ጉልበቴ መንበርከኩን ረስቷል፣ ወገቤም እሺ አይለኝም። ጎትቼ ሳዞራት ታቃስታለች።

«ምነው ልጄ፣ ተቆጣሽኝ እንዴ?»

«ኧረ ደክሞኝ ነው እማዬ።»

ትናንት ሲምቦ የመጀመሪያ ሜዳልያዋን ይዛ ልታመሰግነኝ መጣች። ያንቀላፋችው እናቴ አጠገብ አስቀምጫት ሻይ ላፈላ ወጣሁ። ስመለስ አልጋው ሥር ተንበርክካለች። ማንም ሳይነግራት እጇን ከእናቴ ትከሻ ሥር ሰደደችና በወገቧ ዞር አለች። እናቴ አንዲት ድምፅ ሳታሰማ ተገላበጠች።

ሲምቦ እኔን ስታይ ደነገጠች። «ይቅርታ እትዬ መንበረ፣» አለች በሹክሹክታ፣ «እጄ ራሱ ነው ያደረገው።»

እናቴ ዓይኗን እንደጨፈነች ፈገግ አለች።

«ተመስገን! ድካሙ ለቀቀሽ አይደል መንበሬ?»

ሲምቦን በጣቴ ዝም በዪ አልኳት።

«አዎ እማዬ፣» አልኩ፣ «ለቀቀኝ።»