ያልተከፈቱት እሽጎች

ሐጃ ኒዕማ ሁለት እሽግ ሞዴስ አምጥተው የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ወረወሯቸው። አንዱም አልተከፈተም።

«የማን ነው?» አሉ።

«የኔ ነው፣ ሐጃ። እርስዎ የሰጡኝ።»

«ሞዴሱን አላልኩም! ሆድሽ ውስጥ ያለውን ነው የምጠይቅሽ!»

ሉጥፊያ የምትከትፈውን ሽንኩርት ትታ ቀና አለች። ወይ ጉድ! እዚህ ዐረብ አገር፣ ዐማራት ሰፈር፣ ለቤት ሠራተኝነት ከገባች ጀምሮ ሐጃ በየወሩ አንድ እሽግ ይሰጧታል፤ እሷም ደግ ሰው እያለች ስትመርቃቸው ኖራለች። ለካ እየቆጠሩ ኖሯል! ለካ የሽንት ቤቷን ቆሻሻ ሳይቀር ያያሉ። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን ያገሯን የወሎን ተረት ማን እንዳስተማራቸው እንጃ።

«ትናንት ደግሞ ፈሲኹ ሲቀርብ አስታወከሽ» አሉ ሐጃ።

ያንን በጨው ከርሞ የሚገማ ዓሣ ያሸተተ ሁሉ ቢያረግዝ ወንዱም ባረገዘ ነበር። ይህን ግን በሆዷ ያዘችው። ውጭ ጡሩንባ ጮኸ፤ ሾፌሩ ጂብሪል ሞተሩን አስነስቶ እየጠበቀ ነው።

«ያላ፣ አባያሽን ልበሺ። ክሊኒክ እንሄዳለን።»

ክሊኒክ ሲባል ቢላዋውን ጠረጴዛው ላይ ጣለች። ምርመራውን አይደለም የፈራችው፤ ሆዷ ባዶ መሆኑን አላህም እሷም ያውቃሉ። የፈራችው የክሊኒኩን ጽዳት ሠራተኞች ነው፣ ያገሯን ልጆች። «ሉጥፊያን እመቤቷ ለእርግዝና አስመረመረቻት» የሚለው ወሬ ዙሁር ሳይሰገድ ያገሯ ሰው የሚኖርበት ማዮ ሰፈር ይደርሳል፣ ወንድሟ ሙሐመድአወል ጆሮ ይገባል። ሐሜት ደግሞ ውጤት አይጠብቅም። ስሟ አንዴ ከጠፋ ወንድሟም ዐይኗን አያይም፣ የሚቀጥራት ቤትም አይኖርም።

«ወላሂ ሐይድ ላይ ነኝ፣ ሐጃ! ዛሬ፣ አሁን ደሜ እየመጣ ነው! ለዚሁ ብዬ ሶላት ትቼ አላዩም?»

«ሶላት መተው ማን ያቅተዋል?»

ይሄኛው ከሁሉ አንገበገባት። «በሶላት ልዋሽ? እኔ?»

«ታዲያ ደሙን ነፋስ ወሰደው?»

ነገረቻቸው። ምላሷ እየተሳሰረ፣ ባላት ዐረብኛ ሁሉ ነገረቻቸው። ጀሪፍ ሰፈር የምትሠራው ጓደኛዋ ሬሕማ ከጎማ የተሠራች ትንሽ ኩባያ ሰጥታታለች። ታጥፋ ሰውነት ውስጥ ትገባለች፣ ደሙን ይዛ ትቆያለች፣ ጠዋት ማታ ተደፍታ ትታጠባለች፤ ደሙ ሲቆም ጓሮ ከሰል ላይ በባዶ የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ ትቀቀላለች። የኩባያዋን ስም በዐረብኛ ስለማታውቀው «ፊንጃን» አለች።

ሐጃ ዞር ብለው መደርደሪያው ላይ የተደረደሩትን የቡና ፊንጃኖቻቸውን አዩ። «ትቀልጂብኛለሽ?» አሉ። ጡሩንባው ደገመ።

ከዚያ በኋላ አላሰበችም። ሐጃን ክንዳቸውን ይዛ እየጎተተች በጓሮ በኩል ወዳለችው ጠባብ ሽንት ቤቷ ወሰደቻቸው። የሐጃን ክንድ ነክታ አታውቅም ነበር። በእናቷ ቤት፣ እንኳን ደሙ ሊታይ፣ የታጠበው ጨርቅ እንኳ የሚሰጣው በሌላ ልብስ ሥር ተደብቆ ነው። አሁን ግን ቀሚሷን ሰብስባ፣ ሐጃ በሩ ላይ ቆመው እያዩ፣ ቁጢጥ አለች።

እንቢ አለ። በሰው ዐይን ፊት ሰውነቷ ተኮማትሮ ኩባያዋን አልለቅም አለ። ጣቷ ያዳልጣል። ጂብሪል ጡሩንባውን ያንባርቀዋል፤ ምነው እጁን በሰበረው! «አትጎትቺ፣ ሥሯን ጨመቅ አድርጊና አየር አስገቢ» ብላት ነበር ሬሕማ። ዐይኗን ጨፈነች፣ ተነፈሰች፣ ጨመቅ አደረገች። ወጣች።

«ይኸው!» አለች ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጋ። ከግማሽ በላይ ሞልታለች።

ሐጃ አዩ። ጎንበስ ብለው ደግመው አዩ። ከዚያ ወደ ጓሮው ዞረው «ጂብሪል! ሞተሩን አጥፋ!» ብለው ተጣሩ፤ ሞተሩ ጠፋ። ሉጥፊያ ከእፎይታዋ ብዛት ልታለቅስ ምንም አልቀራት። ስሟ ተረፈ፣ እንጀራዋም ተረፈ።

«ቤቴ ውስጥ ወጣት ወንድ ልጅ አለ፤ ብሠጋ አትፍረጂብኝ» አሉ ሐጃ ረጋ ብለው። «በቃ፣ አመንኩሽ። ከእንግዲህ በየወሩ እንዲህ ታሳዪኛለሽ።»

«እሺ» ልትል አፏ ተከፈተ። በዚህ ቤት እሺ ያላለችበት ቀን የለም፤ ቃሉ ራሱ ነው የሚቀድማት። ዛሬ ግን መልሳ ዋጠችው። ኩባያዋን ደፋች፣ በማንቆርቆሪያው ውሃ አጠበቻት፣ መልሳ ልታስገባት አጠፈቻት። ሐጃ አልሄዱም። እንዴት እንደምትገባ ሊያዩ አንገታቸውን አስግገዋል።

«ሐጃ፣ ይውጡልኝ።»

«ምን አልሽ?»

«ይውጡልኝ አልኩ። አንዴ አሳየሁ፤ ሁለተኛ አላሳይም።»

በሩን ገፋችው። ቁልፍ የለውም፤ ስለዚህ የታጠፈችውን ኩባያ በአንድ እጇ እንደያዘች በሌላው እርጥብ እጇ እጀታውን ጨበጠች፤ ትከሻዋንም ደገፍ አደረገችበት። ከበሩ ሥር የሐጃ ነጠላ ጫማ ጫፍ ይታያል፤ አልተንቀሳቀሰም። ሉጥፊያም እጀታውን አልለቀቀችም።