ጣሪያው ሲገመገም

«እዚያ አይደለም፣ እዚህ ጋ ተቀመጪ የኔ ልጅ፤ እዚህ ይሞቃል» አሉ እትዬ አሰጋሽ፣ ወንበሩን ከነእንግዳቸው ሊጎትቱት እየታገሉ።

ራዲያ ብድግ ብላ ወንበሯን ራሷ አነሳች። ይህ ሦስተኛ ቦታዋ ነው። መጀመሪያ በሩ አጠገብ ነበረች፣ ቀጥሎ ቁም ሳጥኑ ሥር፣ አሁን ደግሞ አልጋው ራስጌ ተወሸቀች። አብሯት የሚዞረው ቅጽ አራት ገጽ ነው። የበጎ ፈቃድ ወጣቶች ባለፈው ክረምት ቡራዩ ውስጥ ያደሷቸውን የአቅመ ደካማ ቤቶች እንድትገመግም ከፕሮግራሙ ቢሮ ተልካ፣ ታክሲ ስለጠፋ ከአሸዋ ሜዳ በእግሯ ነው የመጣችው። ተቃውሞ ያስነሳው ማስተር ፕላን ቀርቷል ከተባለ ወራት ቢያልፉም መንገዱ እንደ ሕፃን ሆድ አንዴ ይዘጋል፣ አንዴ ይከፈታል።

«እሺ እማማ፣ በእድሳቱ ምን ያህል ረክተዋል? በጣም ከፍተኛ፣ ከፍተኛ፣ መካከለኛ፣ ዝቅተኛ።»

«ከመጀመሪያው በላይ የለም?»

«የለም።»

«ምን ይደረግ፤ እንግዲያው በእሱ ያዢልኝ።»

ውጭ ሰማዩ አጉረመረመ። እትዬ አሰጋሽ ዓይናቸውን ወደ ኮርኒሱ ወረወሩ። ጣሪያው ያፈሳላ! አምስት ወጣቶች ናቸው ቆርቆሮውን በአንድ ቀን መትተው የጨረሱት፤ በማግስቱ ለምረቃው ካሜራ የያዙ ሰዎች ይመጣሉ ተብሎ። በዚያ ጥድፊያ ሚስማሩን በቆርቆሮው ጉብታ ላይ መምታት ሲገባቸው፣ ውሃው በሚወርድበት ጎድጓዳ ላይ መቱት። ቤቱ በካሜራ አምሮ ታየ። የመጀመሪያው ዝናብ ሲመጣ ግን በየሚስማሩ ሥር አንድ አንድ ምንጭ ፈለቀ።

እትዬ አሰጋሽ ይህን እንዳይናገሩ ራዲያ ገና ስትገባ አፋቸውን ዘግታዋለች። «ቤቱ የሚያፈስ ከሆነ ለሠሩት ልጆች ምስክር ወረቀት አይሰጥም» ብላ። ከአምስቱ አንዱ ደግሞ የባለሱቁ የአብዶ ልጅ ሐምዱ ነው፤ ዲግሪውን ይዞ ሁለት ዓመት ቤት የተቀመጠው። አሁን የሥራ ማስታወቂያ ወጥቶለታል፣ ያችን ወረቀት አያይዝ ተብሏል፣ ማመልከቻው ዓርብ ይዘጋል። ዛሬ ረቡዕ ነው። ስለዚህ እትዬ አሰጋሽ በገዛ ቤታቸው የማያፈስ ቦታ ፍለጋ እንግዳ ያዞራሉ።

ዝናቡ ወረደ። ወዲያው አንዲት ጠብታ ከማዳበሪያው ኮርኒስ ሾልካ የራዲያ ሻርፕ ላይ ጠብ አለች።

ራዲያ ቀና አለች። «ይሄ ምንድን ነው?»

«ድመት ናት» አሉ እትዬ አሰጋሽ ሳያስቡት። «ኮርኒሱ ላይ ነው የምትውለው።»

«ሽንት ነው እንዴ?» ራዲያ ከወንበሯ ተፈናጠረች።

«ኧረ በስመ አብ! ላቧ ነው።»

«ድመት ያልባታል?»

«በዘንድሮው ነገር የማያልበው ማን አለ?»

ራዲያን ሳቅ አመለጣት። ግን ቁም ሳጥኑ ሥር ጠብ አለ። በሩ አጠገብም ጠብ፣ ጠብ አለ። ቅጹን በክንዷ ከልላ ዙሪያዋን ቃኘች።

«እማማ፣ ስንት ድመት ነው ያለዎት?»

እትዬ አሰጋሽ ሊመልሱ አፋቸውን ሲከፍቱ ውጭ የሩጫ ኮቴ ተሰማ። ሁለቱም ደረቁ። በዚያ ሰሞን የሩጫ ድምፅ የሰማ ሰው መጀመሪያ በሩን ይቀረቅራል፤ ማን እንደሆነ የሚጠይቀው ከዚያ ወዲያ ነው። መቀርቀሪያው ጋ ሳይደርሱ በሩ ተበረገደና ሐምዱ ዘሎ ገባ፤ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ራሱ ላይ ደፍቶ፣ በግራ በቀኝ ባልዲ አንጠልጥሎ።

«እማማ፣ አልጋው ጋ ጀመረ?»

መልስ አልጠበቀም። ሳፋውን አልጋው ራስጌ፣ አንዱን ባልዲ ቁም ሳጥኑ ሥር፣ ሌላውን በሩ አጠገብ አኖረ። አንዴም ወደ ላይ አላየም። ጠብታዎቹ ግን እያንዳንዳቸው ዕቃው መሃል አረፉ።

እትዬ አሰጋሽ ጠቀሱት። አልገባውም። ደግመው ጠቀሱት።

«ምነው እማማ፣ ዓይንዎን ያምዎታል?»

«ራዲያ እባላለሁ» አለች እንግዳይቱ። «የእድሳቱ ገምጋሚ ነኝ።»

ሐምዱ ከተጎነበሰበት ሳይቃና ቀረ።

«ሚስማሩን ማን መታው?» አለች ራዲያ፣ ጠብታዎቹ የሚወርዱበትን እየተመለከተች።

«ነፋስ ነው» አሉ እትዬ አሰጋሽ።

«እኔ ነኝ» አለ ሐምዱ። «ቦታውን ስቼ። ኦቦ ለታ አናጢው ስህተታችንን ያሳዩን ከምረቃው በኋላ ነው። ሬንጅ ቀባሁበት፤ ፀሐይ ሲመታው ይሰነጠቃል።»

«አገልግሎቱ እኮ መስከረም ላይ አልቋል። አሁን ማን ልኮህ ነው የምትመጣው?»

«ማን ይልከኛል? ዝናቡ ነዋ!»

«መንገድ በተዘጋ ቀን እንኳ በጓሮ አጥር ዘሎ ይመጣል» አሉ እትዬ አሰጋሽ። «የወለድኳቸውማ ፀሐይ ሲወጣም አይመጡ።»

ራዲያ ቅጹን ጉልበቷ ላይ ዘረጋችና «ያፈሳል» በሚለው ላይ ምልክት አደረገች። እትዬ አሰጋሽ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ያዙ። እሷ ግን አላቆመችም። የገምጋሚ አስተያየት የሚለው ባዶ ቦታ ላይ ስትጽፍ ቆየች።

«ምን አለች? አንብብልኝ እንጂ!» አሉ እትዬ አሰጋሽ።

ሐምዱ አንገቱን አሰገገ። «ጣሪያው ያፈሳል...» ብሎ ወደሚቀጥለው መስመር ወረደ። «ጠጋኙ ግን ዝናቡ ሳያባራ ይደርሳል።»

የመጨረሻው ጥያቄ ላይ፣ «ምስክር ወረቀት ይሰጥ» ከሚለው ፊት ለፊት፣ ራዲያ ምልክቷን አሰመረች። «አለቃዬ እንዴት እንደሚያየው እንጃ» አለች።

«ካስቸገረሽ ወደ እኔ ላኪው። አልጋው ራስጌ አስቀምጠዋለሁ» አሉ እትዬ አሰጋሽ።

ሦስቱም ሳቁ። በዚያው ቅጽበት አንዲት ወፍራም ጠብታ ሳፋውን ስታ «ይሰጥ» የሚለው ላይ ዷ አለች። ሳቁ ቆመ። ሐምዱ ጠብታዋን በእጅጌው ጫፍ መጠጥ አደረጋትና፣ ሦስቱም ትኩስ ገንፎ እንደቀረበለት ሰው እርጥቧ ምልክት ላይ አጎንብሰው «እፍ፣ እፍ» ይሉ ጀመር።