ከውስጥ ብቻ የሚዘጋ በር

«ይሄን በርሜል ከግድግዳው ፈቀቅ ያድርጉልኝ» አለች ተቆጣጣሪዋ። ልጅየው ቃሏን ሳትጨርስ ገፋው። ዛሬ ተራራ ግፋ ብትለውም ይገፋ ነበር።

እናቱ ደጃፉ ላይ ወንበር አስቀምጠው ያያሉ። ሰፈሩ «እማማ ቲነር» ነው የሚላቸው፤ ሽታው ከልብሳቸው አልፎ ስማቸው ውስጥ ገብቷል። የቀለም ሱቁን ከባላቸው ጋር ከፍተው፣ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ያቆሙት እሳቸው ናቸው። ዛሬ ግን ልጃቸው «እማዬ፣ በሞቴ፣ አንዲት ቃል እንዳትተነፍሺ» ብሎ አስምሏቸዋል።

ነገሩ ወዲህ ነው። ቲነርና አኳራጅ የመሰለ የቀለም ማቅጠኛ የሚያከማች ሱቅ ሁሉ ፈቃድ ያውጣ ተባለ፤ የሌለው ይታሸጋል። ከደንቡ መሃል አንዷ እማማ ቲነር ጉሮሮ ላይ ተሰንቅራለች፦ ተቀጣጣይ ነገር ባለበት ቤት ሰው አያድርም። እሳቸው የሚያድሩት ደግሞ እዚያው ጓዳ ውስጥ ነው። ልጃቸው «እኔ ጋ ነይ» እያለ ስንቴ ለምኗል፤ «በቤቴ እመቤት ነኝ፣ በምራቴ ቤት እንግዳ አልሆንም» ብለው አሻፈረኝ አሉ። ዛሬ ንጋት ላይ ታዲያ አልጋውን፣ ፍራሹን፣ ነጠላ ጫማቸውን ሳይቀር ጠራርጎ ወደ ቤቱ አጋዘው።

ተቆጣጣሪዋ ጀሪካኖቹን አየች፤ እሳት ማጥፊያውን ፈተሸች፤ ጓዳው ድረስ ዘልቃ ባዶውን ወለል ተመለከተች። «ጥሩ ነው፤ ንጹሕ ነው» አለች። እማማ ቲነር አንጀታቸው ቅቤ ጠጣ። ልጅየው እስክሪብቶ ሊያቀብላት ተሽቀዳደመ።

ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው። ልትፈርም ስትል ዓይኗ በሩ ላይ አረፈ። የላሜራ በር ነው፤ ቀን ቀን ወደ ውጭ ተበርግዶ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። ሳብ አድርጋ ጀርባውን አየች። ቁልፍ የለው፣ የጓጉንቸር ማንጠልጠያ የለው። ከውስጥ በኩል ብቻ ክንድ የሚያህል የብረት መቀርቀሪያ ተጋድሟል።

«ማታ ስትሄዱ በምንድነው የምትቆልፉት?»

ልጅየው አልጋ ደብቆ፣ ጫማ ደብቆ፣ በሩን ረሳው። «ያው... ዘበኛ አለ።»

«ዘበኛው የት ያድራል?»

እማማ ቲነር ከዚህ በላይ መስማት አልቻሉም። ቤታቸው በውሸት ክፍት ከሚሆን በእውነት ይታሸግ። ወንበሩን ተደግፈው ተነሡ።

«ዘበኛው እኔ ነኝ፣ የኔ ልጅ። ይሄ ልጅ ለኔ ብሎ ነው የሚቀባጥረው፤ አልጋዬ የወጣው ዛሬ ጠዋት ነው። ግን ስሚኝ። እዚህ ቤት ክብሪት ተጭሮ አያውቅም። ሻማ እንኳ። ክረምት ከበጋ እራቴን ቀዝቃዛውን ነው የምበላው። ይሄ ሰፈር ለጥ ብሎ የሚተኛው እኔ ነቅቼለት ነው።»

ይሄን ሲሉ ደረታቸው ተነፋ። ለምን አይነፋ፣ እውነት ነው።

ተቆጣጣሪዋ አልሳቀችም፣ አልተቆጣችምም። «አምንዎታለሁ፣ እማማ። ቤቱን እርስዎ ጠበቁት። እርስዎንስ? አንድ ነገር ቢነሳ ማን ገብቶ ያወጣዎታል? እስቲ ይሄን መቀርቀሪያ ይግፉልኝ።»

ያዙት። ድሮ በአንድ እጅ ነበር። ሰሞኑን በሁለት እጅ፣ በትከሻም ታግዘው ነው፤ ይሄን ለማንም አልተናገሩም። ልጃቸው አጠገባቸው ቆሞ ትግላቸውን ሲያይ ፊቱ ዳመነ። ያን ጊዜ ነው የገባቸው። ሌባ ሲያስቀሩበት የኖሩት ብረት፣ ክፉ ቀን ቢመጣ ልጃቸውንም ውጭ ያስቀረዋል።

«እውነትሽን ነው» አሉ። ይሄን ማለት ከብረቱ ይከብድ ነበር፤ ግን አሉት።

«በሩ ከውጭ የሚቆለፍ ይሁን፣ ሰውም አይደርበት። ታች ያለውን ጋራዥ አይቼ ስመለስ ተሠርቶ ካገኘሁት እፈርማለሁ።»

ልጅየው ከመንገዱ ማዶ ያለውን በያጅ ጠራው። ሰውየው ማሽኑን እየጎተተ ሲመጣ እማማ ቲነር እጃቸውን ዘርግተው አቆሙት። «አንተ፣ በርሜሌ ደጃፍ ላይ ፍንጣሪ ልትረጭብኝ ነው? በሩን ንቀለውና ማዶ ወስደህ በይደው።»

ለመሄድ የተነሳችው ተቆጣጣሪ ከት ብላ ሳቀች። «እኔ ልል ስል ቀደሙኝ፣ እማማ።»

በሩ በሁለት ሰው ትከሻ መንገዱን ተሻገረ። ሱቁ አፉን ከፍቶ ቀረ። እማማ ቲነር ወንበራቸውን መሃል ደጃፉ ላይ አደረጉና እግራቸውን ዘርግተው ተቀመጡ።

«እማማ፣ በሩ የት ሄደ?» አለ አንድ አላፊ።

«ትምህርት ቤት። እስኪመለስ በሩ እኔ ነኝ።»

በሩ ከውጭ የጓጉንቸር ማንጠልጠያ ተበይዶለት ሲመለስም ውሃ አስደፍተውበት፣ በመዳፋቸው ዳስሰው፣ መቀዝቀዙን ሳያረጋግጡ አላስጠጉትም። ተቆጣጣሪዋ ቃሏን ጠበቀች፤ ፈረመች።

ሲመሻሽ ልጃቸው «ልቆልፍልሽ» አለ። «ዞር በል» አሉት። ጓጉንቸሩን አስገብተው ቆለፉ፣ ጎተቱት፣ ደግመው ጎተቱት። ከዚያ ወደኋላ ፈቀቅ ብለው አዩት። ይሄን በር ተዘግቶ ከውጭ አይተውት አያውቁም፤ ቀን ጀርባው ግድግዳ ላይ ነው፣ ማታ እሳቸው ውስጥ ናቸው። ጠዋትም በጭንቁ መሃል ማን ልብ ብሎት። ቀለሙ ተልጦ አልቋል፤ ከሥሩ ዝገት ወጥቷል፤ ብየዳው ደግሞ ዙሪያውን አጥቁሮታል።

«የሰፈሩን በር ሁሉ ያስቀባሁ ሴትዮ» አሉ፤ «የኔን እዩልኝ።»

«ነገ ቀቢ እናመጣለን፣ እማዬ።»

«ምን ቀቢ? እኔና አንተ። ለሚስትህ ንገራት፣ ጎህ ሳይቀድ ነው የምነሳው፤ እንዳትደነግጥ።»

ቁልፉን በክር አድርገው አንገታቸው ላይ አጠለቁና ከልብሳቸው ውስጥ ጣሉት። ከዚያ ልጃቸውን ቀድመው ወደ ልጃቸው ቤት መንገዱን ያዙ።