ዘመድ አላውቅም

ወንድሜ ዘፋኙን ባሌን በጋዜጣ ገድሎታል። «ድምፁ ጎማው እንደተነፈሰ ብስክሌት ይጎተታል» ብሎ ጻፈበት። መንገድ ላይ «ጎማህን አስነፋ!» እያሉ ሳቁበት። የገዛ እህቱን ባል ያልማረ ለማንም አያዳላም ተባለና፣ ለወንድሜ ሬዲዮውም ዩኒቨርሲቲውም በሩን ከፈተለት። «ዘመድ አላውቅም» ይላል ዛሬም፣ ደረቱን ነፍቶ። ባሌ ግን ከዚያ ወዲህ ጢሙን ሲላጭ እንኳ አያንጎራጉርም።

አሁን ፕሮፌሰሩ ወንድሜ ሳሎኔ ቁጭ ብሎ ሻይ ይጠጣል። ዛሬ ማታ በሬዲዮ የጀማሪዎችን ዘፈን ይተቻል። ልጄም የራሷን ለሬዲዮው ልካለች፤ እሱ ገና አላወቀም። ወጥ ቤት ቆማ የደረቀ ሳህን ትወለውላለች። አጎቷ ባለበት ዘፍና አታውቅም። ዘመድ አለማወቁን በእሷም ሊያስመሰክር ነው ብዬ ፈርቻለሁ።

«የጎረቤት ልጅ ናት፤ እስቲ ስማልኝ» ብዬ ዋሸሁት። ስልኬን ከኪሴ አወጣሁ።

«እህት ዓለም ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ዘፈን መራጭ የሆንሽው?»

ዘፈኑ ጀመረ። ዐይኑን ጨፈነ። ያኔ ባሌንም ሲሰማ እንዲሁ ነበር የጨፈነው። ወጥ ቤት የሳህኑ ድምፅ ጠፋ።

ዘፈኑ አለቀ። ዐይኑን ገልጦ ሻዩን ፉት አለ።

«ተናገር እንጂ፣ ልቤን አታፍርጠው!»

«ቆይ... ይቺ ልጅ አትጮህም። ሌሎቹ ሊያስለቅሱን ይታገላሉ፤ እሷ ዝም ብላ ታወራናለች። እንዲህ ያለ ድምፅ ከሰማሁ ቆየሁ።»

ስልኩን አንስቼ መቅጃውን ከፈትኩና አፉ ሥር ደቀንኩት። «ድገመው።»

«ምኑን?»

«ያልከውን ነዋ! ልጅቷ ትስማው።»

ጉሮሮውን ጠረገና፣ በሬዲዮ ድምፁ አሳምሮ ደገመው። እንዲያውም ጨመረበት። «ለመሆኑ የማን ልጅ ናት?»

ብደብቀውም ማታ ስሟን ማየቱ አይቀርም።

«የኔ» አልኩት። «የኔና የባሌ።»

ፈገግታው ከፊቱ ተገፈፈ። ስልኩን ሊቀማኝ እጁን ሰደደ፤ አልሰጠሁትም። ከአፉ ሥርም አላወረድኩትም። የመቅጃው ቀይ መብራት እንደበራች ናት፤ ዝምታውን ትቀዳለች።